ቀርከሃ የተተከለበት ኩሬ፦ ሰበታ ዳር የቆሮሶ እርባታ የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ሁለት ኩሬ ጎን ለጎን፤ በስፋት እኩል፣ በዓሣ ቁጥር እኩል፣ በፍግ እኩል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። በምሥራቁ ኩሬ ውስጥ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይተከላል፤ በምዕራቡ አይተከልም። ቦታው ሰበታ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። የሚረባው ቆሮሶ፣ ማለትም የናይል ቲላፒያ።

የቀርከሃው ሐሳብ የምዕራብ አፍሪካ ላጉኖች ነው። ላጉን ከውቅያኖስ በአሸዋ ተረተር የተለየ፣ ብዙውን ጊዜ በጠባብ በር ከባሕሩ ጋር የሚገናኝ፣ ጥልቀት የሌለው የባሕር ዳር ውሃ ነው። በቤኒን፣ በኖኩዌ ሐይቅና በፖርቶ ኖቮ ላጉን፣ አስጋሪዎች ቅርንጫፍ ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገው ይተክላሉ። አካጃ ይሉታል። እንጨቱ ላይ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚያድግ ጥቃቅን ዕፅ)፣ ባክቴሪያና ጥቃቅን እንስሳት ተደራርበው ያድጋሉ። ዓሣው ይህን እየጋጠ፣ ከወፍም እየተከለለ ይወፍራል። እዚያ በብዛት የሚገኘው ሳሮቴሮዶን ሜላኖቴሮን የተባለው፣ አገጩ ጥቁር የሆነና ጨው የሚችል የቲላፒያ ዘመድ ነው። ቅርንጫፍ ግን ቶሎ ይበሰብሳል፣ የአካባቢውን ዛፍ ያስጨርሳል፣ ደለልም ያከማቻል። ስለዚህ በአይቮሪ ኮስት ኤብሪዬ ላጉን ላይ በቅርንጫፉ ፋንታ ቀርከሃ ተተክሎ፣ ዙሪያውም በመረብ ታጥሮ ተሞክሯል።

የሐሩር ላጉን ብዙ ዓሣ የሚሰጠው ለምንድን ነው? ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ብርሃን እስከ ታች ይዘልቃል። ንፋስ ከሥር ያለውን ንጥረ ነገር እያማሰለ ወደ ላይ ያወጣዋል። ወንዞች ከየብስ ማዳበሪያ ይዘው ይገባሉ። ውሃው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ነው። ከእነዚህ ሰበታ ላይ ብርሃኑንና ማዳበሪያውን ማግኘት ይቻላል፤ ኩሬውን እኛው ጥልቀት አሳጥተን እንቆፍራለን፣ ፀሐዩ ጠንካራ ነው፣ ፍግ ደግሞ ከየቤቱ አለ። ሙቀቱ ግን የለም። ናይል ቲላፒያ ደህና አድርጎ የሚያድገው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። ከ20 ዲግሪ በታች የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ወደ 16 ሲወርድ መብላት ያቆማል ለማለት ይቻላል፣ ወደ 11 ከወረደ ይሞታል። ስለዚህ ከላጉን የሚወሰደው አሠራሩ እንጂ የምርቱ ቁጥር አይደለም። በሄክታር ይህን ያህል ቶን እያሉ የባሕር ዳር ቁጥር ደጋ ላይ የሚያባዙ ዕቅዶች ገንዘብ የሚያስበሉት እዚህ ላይ ነው።

ሌላው የከፍታ ጣጣ ኦክስጅን ነው። 20 ዲግሪ የሆነ ጣፋጭ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ ሲጠግብ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። 2,200 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ወደ 77 በመቶ ስለሚወርድ ያው ውሃ ከ7 ሚሊግራም አያልፍም። ባሕር ዳር 29 ዲግሪ የሆነ ጣፋጭ ውሃ 7.7 ይይዛል። ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን ይበዛዋል የሚለው ደንብ ደጋ ላይ አያስተማምንም። ሌሊት ላይ ፍግ ያበዛ ኩሬ የሚታፈነው ከታሰበው ቀድሞ ነው።

ጥር፦ ቁፋሮ

የእያንዳንዱ ኩሬ የውሃ ገጽ 12 ሜትር በ20 ሜትር ነው፤ 240 ካሬ ሜትር። ጥልቀቱ በመግቢያው በኩል 0.7 ሜትር፣ በመውጫው በኩል 1.4 ሜትር፣ አማካዩ 1.1። ግድግዳው ለአንድ ሜትር ቁመት ሁለት ሜትር ተንጋሎ ይወርዳል። በዚህ ቅርጽ ኩሬው የሚይዘው 190 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት አባዝቶ 264 የሚል ሰው የግድግዳውን ተዳፋት ረስቷል፤ በዚያ ስሌት ማዳበሪያና መድኃኒት ሲለካም ይበዛበታል።

1.4 ሜትሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥልቀት የሌለው ውሃ ቀን ቶሎ ይሞቃል፤ ሌሊት ደግሞ ቶሎ ይበርዳል። ውርጭ በሚጥልበት ወር ዓሣው የሚሸሸግበት ጥልቅ ጫፍ ያስፈልገዋል።

አፈሩ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላ አፈር ነው። ሲረጥብ ስለሚያብጥ ውሃ ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከዚህ የሚነሱት ጥንቃቄዎች፦ ግድቡ የሚቆምበት መስመር መሃል ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ወርድና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ተቆፍሮ፣ ሥርና ሣር በሌለው እርጥብ መረሬ ተረግጦ ይሞላል። ግድቡ በ15 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ ንጣፍ እየተደረገ፣ ውሃ እየተረጨ ይጠቀጠቃል። ከውሃው ገጽ በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። እንዳለቀ በዚያው ሳምንት ሰርዶ ይተከልበታል። ሰርዶው ከመያዙ በፊት ግድቡ ፀሐይ ላይ ከቆየ ስንጥቁ ከላይ እስከ ውሃው ገጽ ይወርዳል፤ በክረምት የሚናደውም ያ ነው።

አፈሩ ውሃ መያዙን ለማየት ከታች የወጣ አፈር በእጅ እርጥብ ተድቦልቡሎ ወደ ላይ ይወረወርና ይቀለባል። ካልተበተነ ይበቃል።

የመውጫው ቧንቧ ከሁሉም በላይ ታስቦበት ተሠርቷል። 110 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒቪሲ በግድቡ ሥር ያልፋል፤ ኩሬው ውስጥ በኤልቦ ወደ ላይ ይቆማል፤ የቆመው ቧንቧ አናት የውሃውን ከፍታ ይወስናል። በላዩ ላይ 160 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰፊ ቧንቧ እንደ እጅጌ ይጠለቅለታል። የእጅጌው አናት ከውሃው በላይ ይወጣል፣ ታችኛው 20 ሳንቲ ሜትር ደግሞ በመጋዝ ተሰንጥቆ በወንፊት ይሸፈናል። እጅጌ ከሌለ ትርፍ ውሃ ሲወጣ የሚሄደው ላይኛው፣ ሞቃቱና አረንጓዴው ውሃ ነው። እጅጌ ካለ የሚወጣው ከሥር ያለው ቀዝቃዛና ኦክስጅን ያነሰው ውሃ ነው። ለደጋ ኩሬ ከዚህ የሚበልጥ ርካሽ ማሞቂያ የለም።

ከኩሬዎቹ በላይ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተቆፍሯል። ሰበታ አካባቢ ከማሳና ከአበባ እርሻ የሚወርድ ውሃ ፀረ ተባይ ሊይዝ ይችላል፤ ዓሣን ለመግደል ደግሞ በጣም ጥቂቱ ይበቃል። ውሃው ከጉድጓድ ነው የሚሳበው።

የካቲት፦ ኖራ፣ ውሃ፣ ድፍርስ

ታችኛው አፈር ፒኤቹ (የኮምጣጣነት ልኩ) ወደ 6.8 ስለሆነ ኖራው በልክ ነው፤ በካሬ ሜትር 100 ግራም የግብርና ኖራ፣ ለአንድ ኩሬ 24 ኪሎ። ታችና ግድግዳው ላይ ተበትኖ በመጥረጊያ ተዳረሰ። ከፍ ብሎ ቀይ አፈር ያለበት ቦታ የሚቆፍር ሰው አፈሩ ኮምጣጣ ስለሚሆን እጥፉን ሊፈልግ ይችላል። ለግንባታ የሚሸጠው ያልበረደ ኖራ በዚህ ልክ አይገባም፤ ፒኤቹን በአንዴ ያዘልለዋል፣ ዓይንና እጅም ያቃጥላል።

በሰከንድ 1 ሊትር የሚስብ ፓምፕ አንዱን ኩሬ ለመሙላት 53 ሰዓት ያህል ይሠራል። የቧንቧው አፍ ላይ የወባ አጎበር እጥፍ ተደርጎ ታስሯል፤ እንቁላልና ያልተፈለገ ዓሣ እንዳይገባ።

ኩሬው ሲሞላ ውሃው የቡና ወተት መሰለ። የመረሬ ደቃቅ ሸክላ በራሱ አይዘቅጥም፤ ሸክላው እስካልዘቀጠ ብርሃን አይገባም፣ ብርሃን ካልገባ አልጌ የለም፣ አልጌ ከሌለ ቀርከሃው ተራ አጥር ነው። መፍትሔው ጂፕሰም (የጀሶ ድንጋይ ዱቄት) ነው፤ መጠኑ ግን አስቀድሞ በጠርሙስ መሞከር አለበት። አራት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ የኩሬ ውሃ ይሞላና 0፣ 125፣ 250 እና 500 ሚሊግራም ይጨመርበታል፤ ተነቅንቆ አንድ ቀን ይቀመጣል። 250 ያለው ጠርሙስ ጠራ። ስለዚህ 190 ሜትር ኩብ ሲባዛ በ250 ግራም፣ 47.5 ኪሎ ለአንድ ኩሬ። በባልዲ ተበጥብጦ በገጹ ላይ ሁሉ ይረጫል። ጂፕሰም ያላገኘ ሰው ደረቅ ድርቆሽ በጥቂቱ ዳር ዳር ያስቀምጥ፤ ይሠራል፣ ግን ሲበሰብስ ኦክስጅን ስለሚበላ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ብቻ።

የስርገት ልኬት፦ ባልዲ በግማሽ ውሃ ተሞልቶ፣ ድንጋይ ገብቶበት፣ ኩሬው ውስጥ ይቀመጣል። የባልዲው ውሃ በቀን የሚቀንሰው በትነት ነው። የኩሬው ከዚያ አልፎ የሚቀንሰው ስርገት ነው። በበጋ ትነቱ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በጠቅላላ በቀን 1 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ኩሬ 2.4 ሜትር ኩብ ውሃ በየቀኑ ይፈልጋል፤ ይህን ያህል የማይገኝበት ቦታ ላይ መጀመር አይገባም። ማሟያው የሚገባው ፀሐይ ሲበረታ ነው።

ቀርከሃው

የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ የቆላው ድፍን ነው። እዚህ የሚፈለገው ባዶው ነው፤ ምክንያቱም ሲሰነጠቅ ውስጡም ውጩም አልጌ ይይዛል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቀርከሃ ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ አንዱ ግማሽ በውጭ 7.85 ሳንቲ ሜትር፣ በውስጥ 6.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ዙሪያ አለው፤ ድምሩ 14 ሳንቲ ሜትር። ውሃ ውስጥ 80 ሳንቲ ሜትር ሲገባ 0.11 ካሬ ሜትር ገጽ ይሰጣል። ባንግላዴሽና ሕንድ ውስጥ በተደረጉ ሙከራዎች የተለመደው የቀርከሃው ገጽ ከኩሬው ገጽ ጋር ወደ እኩል እንዲሆን ማድረግ ነው። 240 ካሬ ሜትሩን በሙሉ መትከል ውድ ነው፤ ጥልቁም ጫፍ አይጠቅምም። ስለዚህ የተመረጠው ከ0.7 እስከ 0.9 ሜትር ጥልቀት ያለው 60 ካሬ ሜትር ነው። 60 ለ0.113 ሲካፈል 530 ግማሽ፤ በካሬ ሜትር 9 ገደማ፣ በመካከላቸው 33 ሳንቲ ሜትር። አንዱ ቁራጭ 1.4 ሜትር ነው፦ 40 ሳንቲ ሜትር ጭቃ ውስጥ፣ 80 ውሃ ውስጥ፣ 20 ከውሃ በላይ። ከ6 ሜትር ቀርከሃ አራት ቁራጭ፣ ሲሰነጠቅ ስምንት ግማሽ ይወጣል፤ በጠቅላላ 67 ቀርከሃ ይበቃል፣ ለብልሽት 70 ይገዛ።

አንጓዎቹ ውስጥ ያለው ግድግዳ በመዶሻ ይሰበራል፤ ካልተሰበረ ደለል ይጠራቀምበታል። ቀርከሃው ከተቆረጠ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ጥላ ላይ ይደርቃል። የሚተከለው ኩሬው ከመሞላቱ በፊት፣ ታቹ ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ከሞላ በኋላ መትከል ይቻላል፣ ግን የረገጡት ጭቃ እንደገና ውሃውን ያደፈርሰዋል። በየሁለት ሜትሩ የ80 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ተትቷል።

ባሕር ዛፍ ለምን አይሆንም? ርካሽ ነው፣ በየደጁ አለ። ነገር ግን ቅርፊቱና ቅጠሉ ውሃውን የሚያጠቁር፣ አልጌንም የሚጎዳ ጭማቂ ይለቃል። ሌላ ካልተገኘ ቅርፊቱ ተልጦ፣ ውሃው እየተቀየረ ለሳምንታት ከተዘፈዘፈ በኋላ ብቻ። እሱም ቢሆን ድፍን ግንድ ስለሆነ ለዋጋው የሚሰጠው ገጽ ትንሽ ነው።

መጋቢት፦ ፍግና ጫጩት

በሞቃት አገር ለቲላፒያ ኩሬ በሳምንት በሄክታር እስከ 28 ኪሎ ናይትሮጅን ይሰጣል። እዚህ ግማሹ ተወስዷል፤ በቀዝቃዛ ውሃ አልጌውም ዓሣውም ቶሎ አይበላውምና። በካሬ ሜትር 1.4 ግራም፣ ለአንድ ኩሬ በሳምንት 336 ግራም ናይትሮጅን። 6 ኪሎ ደረቅ የዶሮ ኩስ ወደ 180 ግራም ይሰጣል፣ 340 ግራም ዩሪያ ደግሞ 156። ፎስፎረሱ ከኩሱ ስለሚገኝ ሌላ ማዳበሪያ አልተጨመረም። ኩሱ በጆንያ ታስሮ ጥልቁ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፣ በየቀኑ ይነቀነቃል። ዩሪያው በባልዲ ሟሙቶ ፀሐያማ ቀን ተመርጦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ይረጫል። ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ ከ9 ካለፈ ዩሪያ አይገባም፤ በዚያ ፒኤች ላይ አሞኒያው መርዝ ይሆናል።

የውሃው ልምላሜ የሚለካው በዲስክ ነው። የቀለም ባልዲ ክዳን በ20 ሳንቲ ሜትር ክብ ተቆርጦ፣ በአራት ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ ይቀባል፤ ከሥሩ ብሎን ይታሰራል፤ ገመዱ በየ5 ሳንቲ ሜትር ምልክት ይደረግበታል። ውሃ ውስጥ ሲወርድ የሚጠፋበት ጥልቀት ይመዘገባል። ቀርከሃ ለሌለው ኩሬ 25 ሳንቲ ሜትር ጥሩ ነው። ቀርከሃ ላለው ግን ከ30 እስከ 40 ይመረጣል። ብርሃን የሚዘልቀው ዲስኩ የጠፋበትን ጥልቀት ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ በለጥ አድርጎ ነው፤ ውሃው ከመጠን በላይ ከለመለመ የቀርከሃው ታችኛው ግማሽ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ተንሳፋፊው አልጌና ቀርከሃው ላይ ያለው አልጌ በአንድ ብርሃን ይሻማሉ። ፍግ አብዝቶ ሁለቱንም አገኛለሁ ማለት አይሠራም።

የቆሮሶ ጫጩቶቹ አማካያቸው 12 ግራም ነው። በካሬ ሜትር 2፣ በአንድ ኩሬ 480። ከነላስቲካቸው ውሃው ላይ 30 ደቂቃ ተንሳፍፈው፣ የኩሬው ውሃ ቀስ በቀስ ተጨምሮላቸው፣ በራሳቸው ወጥተው እንዲዋኙ ተለቀቁ። ካርፕ የተባለው ዓሣ አልተጨመረም። ካርፕ ብርድ ይችላል፣ ለደጋ ይመከራልም፤ ግን ታቹን እየቆፈረ መረሬውን ያስነሳል፣ በጂፕሰም የጠራውን ውሃ መልሶ ያደፈርሳል። ቀርከሃ ባለበት ኩሬ ጠላት ነው።

ሚያዝያ

መጀመሪያ ቀርከሃው ላይ የሚታየው ቡናማ፣ የሚያንሸራትት ስስ ሽፋን ነው፤ አረንጓዴው ከዚያ ይከተላል። ልኬቱ፦ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች 5 በ10 ሳንቲ ሜትር ቦታ በምላጭ ተፍቆ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ይደርቃል፣ በወርቅ ሚዛን ይመዘናል። ከ50 ካሬ ሳንቲ ሜትር የተገኘ 0.01 ግራም በካሬ ሜትር 2 ግራም ነው። ከላይኛው ከ0.06 እስከ 0.09 ግራም፣ ከታችኛው ከዚያ ሲሶ። ከዚህ ክብደት ሸክላ ስንት ነው የሚለው መጣራት አለበት፤ ደረቁን ፍቅፋቂ በከሰል ፍም ላይ ነጭ አመድ እስኪሆን አቃጥሎ መልሶ መመዘን ነው። አመዱ ከግማሽ በላይ ከሆነ ዓሣው እየጋጠ ያለው ጭቃ ነው፤ ውሃው እንደገና ጂፕሰም ይፈልጋል።

የውሃው ሙቀት ከንጋቱ 12 ሰዓት 18፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 23 ዲግሪ ይደርሳል። ቴርሞሜትሩ በሁለት ጥልቀት ይነበባል፤ አንዱ ታች ነው። ከሰዓት በኋላ በላይና በታች መካከል የ3 ዲግሪ ልዩነት የተለመደ ነው።

መኖ የሚሰጠው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ብቻ ነው፦ ሦስት እጅ ፉርሽካ፣ ሁለት እጅ የኑግ ፋጉሎ፣ በውሃ ታሽቶ በድብልብል። ፕሮቲኑ 22 በመቶ ገደማ ይሆናል። መጠኑ ከዓሣው ጠቅላላ ክብደት 2 በመቶ፤ ዓሣው 20 ግራም ሲሆን 480 ሲባዛ በ20፣ 9.6 ኪሎ፣ ስለዚህ በቀን 190 ግራም። ጠዋት የሚሰጥ መኖ ኩሬው ታች ይበሰብሳል፤ ዓሣው ገና አልሞቀውም።

ግንቦት፦ ርቢ

ውሃው 22 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሚውልባቸው ሳምንታት ቆሮሶ ይራባል። ከተተወ ኩሬው በጣት በሚያህል ዓሣ ይሞላል፣ ትልቁም ማደግ ያቆማል። ይህ በላጉንም ያለ ነው፤ ውሃው በጣም ጨዋማ ሲሆን ወይም ሲጨናነቅ ጥቁር አገጩ ቲላፒያ ገና በትንሽነቱ ይራባል፣ ከዚያ በኋላ ሥጋ አይጨምርም። በደጋ ብርዱ ርቢውን ያዘገየዋል፤ ብርድ ከሚጠቅምባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው።

25 ግራም ያለፈው ዓሣ በእጅ ይለያል። ሆዱ ወደ ላይ ተደርጎ ከፊንጢጣው በታች ያለው ጉብታ ይታያል። ፊንጢጣው ጭምር ሲቆጠር ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሴቷ ሦስት፣ መካከለኛው አግድም ስንጥቅ ነው። ካልታየ ጄንሽን ቫዮሌት (ሐምራዊ የቁስል ቀለም) በጥጥ ይቀባል፤ ስንጥቁ ቀለሙን ይይዛል። ለዚህ ሙከራ ሁለቱም ኩሬ እኩል እንዲሆን ሴቶቹ አልወጡም፤ በምትኩ በእያንዳንዱ 25 ትንንሽ አምባዛ ገብቷል። አምባዛው ሲገባ ከቆሮሶው ያነሰ መሆን አለበት፤ ካልሆነ የሚበላው ጫጩቱን ብቻ አይሆንም።

የወሩ ሚዛን፦ በሚወረወር መረብ ከእያንዳንዱ 30 ዓሣ ወጥቶ በአንድ ባልዲ ይመዘናል፤ የባልዲና የውሃ ክብደት ተቀንሶ ለ30 ይካፈላል። ቀርከሃ ያለው ኩሬ መረብ ስለማያስወረውር የሚጣለው ጥልቁ ጫፍ ላይ፣ መኖ ከተበተነ በኋላ ነው። የሁለቱም ዕድገት በቀን ከ0.3 እስከ 0.4 ግራም መካከል ነው፤ ባለ ቀርከሃው ከፍ ይላል፣ ግን በአንድ ጥንድ ኩሬ ይህ ማስረጃ አይባልም።

ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ

ዝናቡ ሲገባ ሁሉም ይዘገያል። ደመናው ብርሃን ይቀንሳል፣ አልጌ ይሳሳል። የከሰዓቱ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ማለፍ ያቆማል። ዩሪያ ቆመ፤ ኩሱ ወደ 2 ኪሎ ወረደ፤ መኖ የሚሰጠው ውሃው ከሰዓት 18 ዲግሪ ካለፈ ብቻ ነው። ሰዎች በተቃራኒው ሲያደርጉ ይታያል፤ ዓሣው አላደገም ብለው በክረምት መኖ ይጨምራሉ።

አደገኛው ጊዜ ለተከታታይ ቀናት ደመና ሆኖ ንፋስ ሲጠፋ ነው። አልጌው ቀን በቂ ኦክስጅን አያመነጭም፣ ሌሊት ግን ይተነፍሳል። ሊነጋ ሲል ዓሣው አፉን ገጹ ላይ እያደረገ አየር ሲሻማ ከታየ ኦክስጅኑ አልቋል። ባለ ቀርከሃው ኩሬ ከዚህ አንጻር ይብሳል፤ ቀርከሃው ላይ የሞተ አልጌ ስለሚኖር። የሚደረገው፦ ጆንያው ወዲያው ይወጣል፣ መኖ ይቆማል፣ ፓምፑ የኩሬውን ውሃ ከላይ ሆኖ በወንፊት መልሶ እያንጠባጠበ ይሠራል፣ ከሥር በእጅጌው በኩል ውሃ ይወጣል። የጉድጓድ ውሃ በቀጥታ ማስገባት አይረዳም፤ ከመሬት የወጣ ውሃ ራሱ ኦክስጅን ሊያንሰው ይችላልና በመጀመሪያ መርጨት አለበት።

መቀልበሻው ቦይ በየዝናቡ ማግስት ይጠረጋል። ደለል ከሞላው ጎርፉ ቀጥታ ኩሬ ውስጥ ነው።

መስከረምና ጥቅምት

ፀሐይ ሲመለስ ውሃው ለድፍርሱ እንደገና ጂፕሰም ተሰጠው፤ በጠርሙስ ሙከራ 125 በቃ። ዩሪያና ኩስ ቀስ በቀስ ወደ ልካቸው ተመለሱ። በአንድ ሳምንት ወደ ሙሉው መዝለል አልጌውን በአንዴ አለምልሞ በአንዴ ይጥለዋል።

ቀርከሃዎቹ ተፈትሸዋል። መጀመሪያ የሚበሰብሰው ውሃና አየር የሚገናኙበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ በጥፍር የሚሰነጠቀው ይተካል። አረንጓዴ ክር የሚመስል ረጅም አልጌ የያዘው ደግሞ በእጅ ይገፈፋል፤ ቆሮሶ ስሱን ሽፋን እንጂ ክሩን አይወድም። ዓሣው በደንብ የሚግጠው ቀርከሃ ጥርት ያለና የጥርስ ምልክት ያለበት ሆኖ ይታያል፤ ወፍራም ሽፋን ያለበት ገና ዓሣው ያልደረሰበት ነው። ሽፋኑ በሁሉም ላይ ከወፈረ ዓሣው ያንሳል ወይም አይበላም ማለት ነው፤ ቴርሞሜትሩ የቱ እንደሆነ ይነግራል።

ዓሣ በሊታ ወፎች በዚህ ወቅት በዝተዋል። በየአንድ ሜትሩ የናይሎን ገመድ ተዘርግቷል። ባለ ቀርከሃው ኩሬ ወፍ ብዙ አይሳካለትም።

ኅዳርና ታህሳስ፦ ውርጭ

የሌሊቱ ብርድ በውሃው ላይ ይታያል፤ የንጋቱ ሙቀት ወደ 15 ይወርዳል። በዚህ ሙቀት ዓሣ አይነካም። መረብ ሲጣል ቆዳውን የሸፈነው ልጋግ ይገፈፋል፣ ቅርፊቱ ይነሳል፣ ከቀናት በኋላ ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ይወጣል። ስለዚህ የወሩ ሚዛን ተዘሏል። የግድ መያዝ ካለበት ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በሊትር 5 ግራም ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ አቆይቶ መመለስ።

ኩሬውን በግሪን ሃውስ ላስቲክ መሸፈን ተሰልቷል። 240 ካሬ ሜትር ለመሸፈን የሚያስፈልገው ላስቲክ፣ ብረትና ጥገና ኩሬው በዓመት ከሚሰጠው ዓሣ ዋጋ በላይ ነው። ላስቲኩ የሚያዋጣው ለጫጩት ነው። 3 በ6 ሜትር የሆነች ጥልቀት የሌላት ኩሬ ተሸፍና ጫጩቱን እስከ 40 ግራም ማድረስ ትችላለች።

ይህ ደግሞ ወደ ዋናው ቁጥር ይወስዳል። ከኅዳር በፊት በተወሰደው ሚዛን ባለ ቀርከሃው ወደ 75 ግራም ደርሷል፣ ሌላው ከእሱ በ10 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ያንሳል። ዐቢይ ጾም ላይ፣ ዓሣ በሚፈለግበትና ዋጋ በሚወጣበት ጊዜ፣ ሁለቱም 100 ግራምን ብዙ አያልፉም። ገበያው የሚፈልገው ከ200 በላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ከፍታ 12 ግራም ጫጩት ከትቶ በአንድ ዓመት ለገበያ ማድረስ አይሆንም፤ ቀርከሃው ዕድገቱን ያግዛል፣ ሙቀትን ግን አይተካም።

የሚቀጥለው ሥራ

በየካቲት፣ ውሃው መሞቅ ሲጀምር፣ ኩሬው ሙሉ በሙሉ ሳይፈስ ዓሣው ይለያል። ውሃው በመውጫው በኩል በግማሽ ይወርዳል፤ በባለ ቀርከሃው ኩሬ ቀርከሃው ሲጋለጥ ዓሣው ራሱ ወደ ጥልቁ ጫፍ ስለሚሸሽ አንድም እንጨት ሳይነቀል መረብ ይጎተታል። ሴቶቹ ይወጣሉ፤ ለቤት ይበላሉ ወይም በትንሽነታቸው ይሸጣሉ። ወንዶቹ በካሬ ሜትር 1 ሆነው፣ 240 በአንድ ኩሬ፣ ለሁለተኛ ዓመት ይመለሳሉ። አምባዛዎቹ አድገዋልና ሙሉ በሙሉ ይወጣሉ፤ ካልወጡ በሁለተኛው ዓመት የሚበሉት ቆሮሶውን ነው። ከሥር የሚወጣው ጭቃ ለጎመንና ለካሮት መደብ ይዘረጋል።

የላስቲኳ ትንሽ ኩሬ በጥር ትሠራለች። ከዚያ በኋላ ወደ ትልቁ ኩሬ የሚገባው 40 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ወንድ ብቻ ነው፣ ጊዜውም መጋቢት መጀመሪያ፤ ከክረምቱ በፊት ያሉትን ሞቃት ወራት እንዳያመልጡት። በሁለተኛው ዓመት ቀርከሃው ወደ ምዕራቡ ኩሬ ይዛወራል፤ ልዩነቱ የቀርከሃው ይሁን የኩሬው የሚታወቀው ያኔ ነው።